የኤልዴና ገዳም ፍርስራሽ በፍሪድሪኽ ሥዕል

ስለ ሮማንቲክ ሠዓልያን ሲነገር ዘወትር የሚሰማ አንድ ወቀሳ አለ፤ ይኸውም «ፍርስራሽ የሚሥሉት ትካዜ ስለሚጥማቸው ነው» የሚል ነው። ይህ ወቀሳ ለብዙዎቹ ሳይስማማቸው አይቀርም። በጀርመናዊው በካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ ላይ ግን የሚጸና አይመስለኝም፤ ምስክሬም «በባሉጥ ዱር ውስጥ ያለ ገዳም» የተባለው ሥዕሉ ነው።

ሥዕሉ በ1809 እና በ1810 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን፥ ዛሬ በበርሊን በአሮጌው ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛል። ቁመቱ 110፥ ወርዱ 171 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ከአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የተረፈ ግድግዳ ብቻውን ቆሟል፤ ረጅሙ መስኮቱ መስተዋት የለውም። ቅጠላቸው የረገፈ ባሉጦች ከብበውታል። ምድሩ በረዶ ለብሷል፤ የመቃብሩ መስቀሎች ዘመም ብለዋል፤ መነኮሳትም የሬሳ ሣጥን ተሸክመው ወደ ፈረሰው ደጃፍ ያመራሉ። የሥዕሉ ታችኛው ክፍል በጨለማና በጉም ተውጦ ሳለ ከላይ ያለው ሰማይ ወርቅማ ብርሃን ይዟል።

ግድግዳው ከሐሳብ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። መነሻው ፍሪድሪኽ በ1774 በተወለደባት በግራይፍስቫልድ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የኤልዴና ገዳም ነው። ይህን ገዳም የሲስተርስያን ማኅበር መነኮሳት በ1199 መሠረቱት፤ የሉተር ትምህርት በፖሜራንያ በጸና ጊዜ በ1535 ተዘጋ፤ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ተጎዳ፤ ከዚያም ወዲህ ጡቡ እየተነቀለ ለምሽግና ለሌላ ሕንፃ ሥራ ተወሰደ። እንግዲህ ሥዕሉ በተሣለበት ወራት መነኩሴ ከኤልዴና ከጠፋ 270 ዓመት አልፎ ነበር። ታዲያ እነዚህ ቀባሪዎች ከየት መጡ? ጣሪያ በሌለው ቤተ ክርስቲያንስ ምን ዓይነት ጸሎት ሊያደርሱ ነው?

በእኔ አስተያየት የሥዕሉ ኃይል ያለው በዚህ ሊሆን በማይችል ነገር ላይ ነው። ትካዜ የሚወድ ሰው ፍርስራሽን እንደ እንግዳ ከውጭ ቆሞ ያየዋል። በዚህ ሥዕል ግን ፍርስራሹ ሥራውን አልተወም፤ ዛሬም ደጃፍ ነው፤ ሰዎች ሙታናቸውን ይዘው ይመጡበታል። ፈረንሳዊው ሁበርት ሮቤር በ1796 የሉቭርን ታላቅ አዳራሽ፥ ሕንፃው ደኅና ቆሞ ሳለ፥ ፈርሶ እንደሚታይ አድርጎ ለትርኢት አቅርቧል። ብልኀት ያለበት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹ ይደነቅበታል እንጂ አያዝንበትም።

የፍሪድሪኽ ሥዕል «መነኩሴ በባሕር ዳር» ከተባለው ጋር በ1810 በበርሊን አካዳሚ ታየ፤ ሁለቱንም የፕሩስያ ንጉሥ ገዛቸው። ፕሩስያ በ1806 በናፖሌዎን ድል ሆና ስለ ነበር፥ በሣጥኑ ውስጥ ያለችው አገሪቱ ናት የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ይህ ትርጓሜ መሠረት የለውም አልልም፤ ዳሩ ግን የሰውን ሁሉ ሞት የሚያህለውን ነገር ወደ አንድ ጦርነት ያጠብበዋል።

ሠዓሊው ከ1817 እስከ 1819 ባለው ጊዜ «የገዳም መቃብር በበረዶ» በተባለ ሥዕል ወደዚሁ የመነኮሳት ጉዞ ተመልሶ ነበር፤ ያም ሥዕል በ1945 በበርሊን በጦርነቱ ጠፍቶ ዛሬ የቀረው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፉ ብቻ ነው። ከ1830 በኋላ ደግሞ ኤልዴናን ከሜዳማው የባሕር ዳር አንሥቶ፥ ከቶ ባልነበረበት ስፍራ፥ በሪዘንገቢርገ ተራሮች ሥር ተከለው። ቀድሞ ዘመንን እንዳጋጠመ አሁን ቦታን ማዛወሩ አያስወቅሰውም። ተራራው ያምራል፤ ብርሃኑም ለስላሳ ነው። ነገር ግን በዚያ ደጃፍ ሬሳ ይዞ የሚመጣ የለም፤ ፍርስራሹ ጌጥ ሆኗል። ይህን ሥዕል አይቶ ያን ወቀሳ ለሚያነሣ ሰው መልስ የለኝም።