«ሂጀ» ስህተት ነውን?



ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት በኮምፒዩተር የተጻፈ የመንዙማ ጥራዝ ይዞ እዚህ ቆቦ ከቤቴ ድረስ መጣ። አያቱ በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ቋንቋ፣ ከገለበጡት ኪታብ ወደ ግእዝ ፊደል የመለሰው ነው። ከማሳተሙ በፊት እንዳየው ፈልጎ ኪታቡንም አብሮ አምጥቶት ነበርና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩ። ድካሙ የሚመሰገን ነው፤ አላህ ምንዳውን ይክፈለው። ነገር ግን በየገጹ አንድ ዓይነት ጥፋት አገኘሁ። ሌሎችም ሲፈጽሙት ስላየሁ ለእናንተ ላቀርበው ወደድኩ።

ጥፋቱ ማረም ነው። ሸሁ «ሂጀ» ያሉትን «ሄጄ»፣ «ሁኖ» ያሉትን «ሆኖ» እያለ ወደ ከተማ አማርኛ መልሶታል። ምክንያቱን ብጠይቀው «የገጠር አነጋገር ስለሆነ ሰው እንዳይስቅብን ብዬ ነው» አለኝ።

እስኪ እናንተው ፍረዱ። «ሂጀ» ብላችሁ «ፈጀ» ከሚለው ቃል ጋር ቤት አስመቱት፤ ይገጥማል። «ሄጄ» በሉትና ድገሙት፤ ቤቱ ፈረሰ። መንዙማ ደግሞ በድቤ የሚባል፣ ተቀባይ ያለው ነገር ነው።

ከቤት መምታቱ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ዐረብኛ ለአጫጭር አናባቢዎች ያለው ምልክት ሦስት ብቻ ነው፤ ፈትሓ፣ ከስራና ደማ። የአማርኛ ድምፅ ግን ሰባት ነው። «ጀ» በፈትሓ ያለ ችግር ይጻፋል፤ «ጄ» ግን የራሱ ምልክት የለውም። በኪታቡ ላይ ጂሙ ፈትሓውን ተሸክሞ ቆሟል። ሸሁ «ሂጀ» ማለታቸውን የሚመሰክርላቸው ያ ትንሽ ጭረት ነው፤ ልጁ ያረመውም እሱን ነው። ደማ ያለበትን ደግሞ «ሁ» ይሁን «ሆ» ምልክቱ ብቻውን አይነግረንም። የሚነግረን የአገሩን አነጋገር የሚያውቅ ጆሮ ነው። እንግዲህ በልጆቻችን አፍ ላይ ያለው ዘዬ የኪታቡ ቁልፍ ነው ማለት ነው። እኛ ግን ቁልፉን እናፍርበታለን።

በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የነበሩት አቡበክር አፈንዲ «በያኑ ዲን» የተባለውን ኪታባቸውን የዚያ አገር ሙስሊሞች በሚናገሩት አፍሪካንስ፣ በዐረብኛ ፊደል ጻፉ። ኪታቡ እ.ኤ.አ. በ1877 ኢስታንቡል ታተመ። የዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት የዚያን ዘመን የኬፕ ሙስሊሞች አነጋገር የሚያጠኑት ከዚሁ ኪታብ ነው። አንድ አራሚ ገብቶ «አስተካክሎት» ቢሆን ኖሮ ምን ያገኙ ነበር?

መንዙማን የማይወድ ወንድም ካለ ነገሩ እኔን አይመለከተኝም አይበል። ተውሒዱም ፊቅሁም ዐረብኛ ለማያውቀው እረኛና እናት በዐጀም ተጽፏል። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስን የተቃወሙት ሸህ ጦልሐ ቢን ጀዕፈርም በአማርኛ ዐጀም የጻፉ ናቸው። እሳቸው አርጎባ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አርጎባ ነኝ ያለው ሰው 62,831 ሲሆን አርጎብኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው ያለው 10,860 ብቻ ነበር። ቋንቋ እንዲህ ከአፍ ሲወርድ የዐጀም ኪታብ በእጅ እያለ አንባቢ ያጣል።

ልጁን ብቻ አልወቅስም። እኔ ራሴ ስንቱን ደረሳ «አማርኛህን አስተካክል» ብዬ አሳፍሬያለሁ! ዑመር (ረ.ዐ) ሂሻም ኢብን ሐኪም ሱረቱል ፉርቃንን እሳቸው ከሚያውቁት በተለየ አቀራር ሲቀሩ ሰምተው፣ ሶላታቸውን እስኪጨርሱ በጭንቅ ታግሠው፣ በልብሳቸው ይዘው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወሰዷቸው። ረሱልም ሁለቱንም አስቀርተው ሁለቱንም አጸደቁ። ቁርኣንና መንዙማ እንደማይወዳደሩ አውቃለሁ። ለማረም መቸኮላችን ግን የዑመርን (ረ.ዐ) ያህል እንኳ ምክንያት የለውም።

አንዱ እርማት ደግሞ ትርጉሙን ራሱን ገለበጠው። ኪታቡ «ወዳጃ» ይላል። በወሎ ወዳጃ ተሰብስቦ ዱዓ ማድረግ እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ቃሉም ከኦሮምኛ የመጣ ነው። ልጁ የፊደል ግድፈት መስሎት «ወዳጅ» አደረገው። ስለዚህ ሸሁ ሰዎችን ወደ ዱዓ የጠሩበት ስንኝ ስለ ጓደኛ የሚናገር ሆኖ ቀረ። የእኛ የራያ ቆላ አማርኛ ከኦሮምኛው፣ ከትግርኛው፣ ከአፋርኛው ጋር በአንድ ገበያ የኖረ ነው። ቆቦ የሚለው ቃል እንኳ በኦሮምኛ የጉሎ ተክል ስም ነው። እዚህ የተጻፈን ኪታብ አዲስ አበባ ላይ በተማረ ጆሮ ብቻ ማንበብ አይቻልም።

ጥራዙን ስመልስለት የኪታቡ ቃል እንዳለ እንዲቀመጥ፣ ለከተማ አንባቢ የሚከብደው ቃል ፍቺው ከገጹ ግርጌ እንዲጻፍ ነገርኩት። ሥራ እንደሚበዛበት አላጣሁትም፤ እሱም ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። በኋላ ግን ተቀምጠን ሦስት ገጽ አብረን መለስን። ሁለት ቃላት እኔም አላወቅኋቸውም። ቦታቸውን ባዶ ትተናል። በገበያ ቀን ማሽላ ይዘው ከቆላ የሚመጡ አንዲት አሮጊት አሉ፤ መንዙማውን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ይሉታል ይባላል። ልጁ ደብተሩን ይዞ እሳቸውን እየጠበቀ ነው።