የሁለት ሰው ዓይን በአንድ ሰሌዳ ላይ

የማስታወቂያ ሥራ ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ባለሙያዎችን የሚያጋጨው የሥራው ብዛት ሳይሆን የዓይን ምርጫ ነው። ጭሮ ካሉት የሥራ ባልደረቦቼ አንዱ በቡሩሽና በዘይት ቀለም ያደገ ነው። ባዶ ቦታ ካየ ሥራው ያላለቀ ይመስለዋል። ሌላዋ በፎቶሾፕ የተማረች ናት፤ ክፍት ቦታ ካላገኘች ዓይኗ አያርፍም።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ክርክር ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ተወስዶ ይዘጋል። ለእኔ ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ይህ ነው፤ የሚወጣው ሥራ የማንም አይሆንም።

ለአንድ የመሰላ ወረዳ ቡና ነጋዴ ሰሌዳ ስንሠራ የቡሩሹ ባለሙያ ቀይ መደብ፣ ባለጥላ ፊደልና በዙሪያው የቡና ቅርንጫፍ ፈለገ። እሷ ደግሞ ነጭ መደብ ላይ ጽሑፍ ብቻ። የእሱ ምርጫ ሥር አለው፤ የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌትና በሳህን ተሞልቶ ሲያምር ላየ ሰው ባዶነት ጉድለት ነው። ስለዚህ «የቱ ያምራል?» የሚለውን ትተን ሁለቱንም አትመን ሰቀልንና መንገዱን ተሻግረን አየን።

በቀዩ ሰሌዳ «መሸጫ» የሚለው ቃል ላይ የ«ሸ» አናት ሰረዝ በጥላው ተውጦ ነበር። ነጩ ሰሌዳ በበኩሉ በቀትር ፀሐይ ከግድግዳው አልለይ አለ፤ ቀዩ ግን ከሩቅ ይጠራል። ጥላው ቀረ፣ ቀዩ ጸደቀ። የታተመ ባነር ቀይና ቢጫ ከሰማያዊና ከጥቁር ቀድሞ በፀሐይ ስለሚለቅ፣ መደቡን እሱ ቆርቆሮ ላይ በቡሩሽ ቀባው።

ሰሌዳው በአማርኛም በኦሮምኛም ስለሚጻፍ የፊደሉን ነገር እሷ ዳኘችው። ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ ከፍና ዝቅ የሚሉ ፊደላት አሉት፤ ድርብ አናባቢውም መስመሩን ያስረዝማል። የግዕዙ ፊደል ቁመት ግን ተቀራራቢ ነው። ሁለቱን በኮምፒውተር በአንድ ቁጥር ብታስቀምጣቸው ለዓይን እኩል አይሆኑም፤ በእጅ እየለኩ ማስተካከል ያስፈልጋል።

የምርጫ ልዩነት በአገራችን ሥነ ጥበብም አዲስ አይደለም። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ የሚታየውን ዓለም አስመስሎ መሳልን የሚያከብሩት እሳቸውና ሐረር ተወልዶ ጀርመን አገር የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1950ዎቹ አብረው አስተምረዋል። ገብረ ክርስቶስ ረቂቅ ሥዕልን ይዞ ነበር የመጣው። ተማሪው ከሁለቱም ተጠቀመ።

ከዚህ ሙያ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው፦ ምርጫን ማስታረቅ አይቻልም፣ ውሳኔን ማከፋፈል ግን ይቻላል። ቀለሙን አንዱ፣ ፊደሉን ሌላው ይወስን። የቀረነው አስተያየት እንስጥ፣ ግን ምክንያት እናቅርብ። «አያምርም» ምክንያት አይደለም፤ «ከማዶ አይነበብም» ግን ምክንያት ነው፤ ለሰሌዳው የሚከፍለው ነጋዴም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።