ጭንቅላት የሌላቸው ሰዎች? እስቲ ጽሑፉን መልሰን እናንብበው

በቀደም እንጅባራ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ጓደኛዬ ስልኩ ላይ አንድ ሥዕል አሳየኝ። ሰውየው ጭንቅላት የለውም፤ ዓይኑም አፉም ደረቱ ላይ ነው። ከሥሩ «የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ አካባቢ ያዩት ሕዝብ» ይላል። «ጭጋግ ውስጥ አይተውት ይሆናላ!» አለኝ። እውነትም በእኛ ብርድ ጋቢውን እስከ አናቱ የተከናነበ ሰው ከሩቅ አንገት ያለው አይመስልም። ማብራሪያው ደስ ይላል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ደግሞስ ግሪኮቹ መቼ «አየን» አሉ?

ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሊቢያ ሲጽፍ ጭንቅላት አልባዎቹን ከአንበሳ፣ ከዝሆንና ከእባብ ጋር ነው የደረደራቸው፤ «ሊቢያውያን እንደሚሉት» ሲልም አክሏል። ስለዚህ ነገሩ «አፈ ታሪክ» ተብሎ ከአማልክቱ ተረት ጋር መቀላቀሉ ራሱ ስህተት ነው። የሰፈረው በታሪክና በጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ጉዳቱም ከዚያ ይመጣል። በሮማውያኑ ጊዜ ወሬው ስም ባለው ሕዝብ ላይ ተለጠፈ። ፕሊኒ እ.ኤ.አ. በ77 ግድም ባወጣው «የተፈጥሮ ታሪክ» ብሌሚዎች ጭንቅላት እንደሌላቸው «ይባላል» ብሎ ጻፈ።

በእኛ በኢንጂነሮች ሥራ የአንድን ልኬት የስህተት መጠን ጥለህ ቁጥሩን ብቻ ከጻፍክ፣ ሪፖርትህን ማንም አይቀበልህም። «ይባላል» የምትለው ቃል የፕሊኒ የስህተት መጠን ናት። በኋላ የመጡት እሷን ጣሏት። በ1300 ግድም እንግሊዝ አገር በተሠራው የሄርፎርድ ካርታ ላይ ፍጡሩ በአፍሪካ ምድር ተስሎ ቆሟል።

ብሌሚዎች ግን በዓባይና በቀይ ባሕር መካከል የኖሩ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ብዙ ተመራማሪዎች ከቤጃዎች ጋር ያዛምዷቸዋል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የቆመው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ፣ በግሪክኛ ጭምር፣ 6 የቤጃ አለቆች ከ4,400 ሰዎቻቸው ጋር ተማርከው ወደ ሌላ ቦታ መወሰዳቸውን ይናገራል። ኢዛና ድል አድራጊ ነው፤ ጉራውን ቀንሳችሁ አንብቡት። ቢሆንም ሰዎቹን ቆጥሯቸዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ከቀስር ኢብሪም የተገኘው ፓፒረስ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የብሌሚዎች ንጉሥ ፎነን ለኖባድያው ንጉሥ ደብዳቤ ላከ፤ የተጻፈውም በግሪክኛ ነው። ይዘቱ የተወሰደብን መሬት ይመለስልን የሚል ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኩት። ሥዕሉን ግን ቀድሞ ሼር አድርጎት ነበር።