ከተግሣጽ እስከ ወቀሳ፦ የነቀፋ ቃላት ምንጭና የጉርብትና ሥርዓት

ሰው ባልንጀራውን በቃል ሊያርም በተነሣ ጊዜ የሚመርጠው ቃል የሁለቱን ማዕርግና የተናጋሪውን ልብ ገልጦ የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ የነቀፋ ቃላትን ምንጭ መመርመር ለሰዋስው መምህራን ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ይልቁንም እንደ ኮዬ ፈጬ ባለ፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ በተነሣ የጋራ መኖሪያ ሰፈር፣ ዕጣ ያገናኛቸው ሰዎች ደረጃና ግድግዳ ተጋርተው በሚኖሩበት ስፍራ፣ ማን ማንን በምን ቃል ሊናገር ይገባዋል የሚለው ጥያቄ የየዕለቱ ጉዳይ ነው።

ከእነዚህ ቃላት በክብር የሚቀድመው ተግሣጽ ነው። «ገሠጸ» በግእዝ መቅጣትን፣ መምከርንና ማስተማርን አጣምሮ ይይዛል፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ከጽርእ የመለሱ አበው የልጅን አስተዳደግ የሚያመለክተውን «ፔዴያ» የተባለውን ቃል በተግሣጽ ተርጉመውታል፤ በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ቍጥርም ከምሳሌ ተለይቶ የሚቈጠረው የመጨረሻ ምዕራፎቹ ክፍል መጽሐፈ ተግሣጽ ይባላል። እንግዲህ ተግሣጽ ገሣጩ አባት ወይም መምህር፣ ተገሣጹም ልጅ ወይም ደቀ መዝሙር እንዲሆን የሚሻ ቃል ነው።

ዘለፋ ከቀድሞ ክብሩ ወርዷል። በመዝሙረ ዳዊት 140ኛው መዝሙር ዘማሪው ጻድቅ ሰው በምሕረት እንዲገሥጸውና እንዲዘልፈው ይሻል፤ በደልን ፊት ለፊት ገልጦ የሚያስረዳ ሰው ያን ጊዜ እንደ ወዳጅ ይቈጠር ነበርና። ዛሬ ግን ዘለፋ ከስድብ ጋራ ተቈራኝቶ ይነገራል። «ሔሰ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣው ሂስ ግን፣ መነሻው ነቀፋ ሲሆን፣ በአብዮቱ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» እየተባለ በየስብሰባው ካስፈራ በኋላ እንኳ የሥነ ጽሑፍ ምርመራ ስም ሆኖ ከፍ ብሏል። ነውርም በኦሪት ለመሥዋዕት በሚቀርበው እንስሳ አካል ላይ የሚገኝ ጕድለት ነበረ፤ ዛሬ እናት ልጇን «ነውር ነው!» ስትል የምትከለክለው የጠባይን ጕድለት ነው።

የሌሎች ሕዝቦች ልሳንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በእንግሊዝኛ መቈጣትን የሚያመለክተውን «ስኮልድ» ብዙ ሊቃውንት «ስካልድ» ከሚባለው የሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ ባለ ቅኔ ስም ጋራ ያያይዙታል፤ «ሪቡክ» የተባለው ደግሞ መትቶ መመለስን ከሚያሳይ የጥንት ፈረንሳይኛ ግሥ የመጣ ነው። በኮዬ ፈጬ ከአማርኛ ጋራ በሚነገረው በአፋን ኦሮሞም ምላስ «አረባ»፣ መሳደብ «አረብሱ» ይባላል።

ለጉርብትና የሚስማማው ቃል ግን ወቀሳ ነው። የግእዙ «ተዋቀሠ» መከራከርንና መሟገትን ያሳያል፤ ስለዚህ ወቀሳ ከጥንቱ የሙግት ጠባይ አለው፤ ወቃሹ በደሉን ይዘረዝራል፣ ተወቃሹም መልስ የመስጠት መብት አለው፣ ሽማግሎችም ባላንጣዎችን ከማስታረቃቸው በፊት ያወቃቅሷቸዋል። ከላይ ፎቅ የተሰጣ ልብስ ውሃው እያንጠባጠበ የታችኛይቱን ጎረቤት ሲያስመርር፣ በረንዳ ላይ ቆሞ «ባለጌ!» ብሎ መጮኽ ነገሩን ወደ ጠብ ይመራዋል፤ አባት ያልሆነ ሰውም ጎልማሳ ጎረቤቱን ልገሥጽህ ቢለው ንቀት ይሆንበታል። በር አንኳኵቶ «እትዬ፣ ልወቅስዎት መጣሁ» ያለ ሰው ግን ቅሬታውንም ተናግሯል፣ የተወቃሿንም ክብር ጠብቋል።

የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቍጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበርን አቋቁሞ የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድሩበትን ሥርዓት ደንግጓል፤ ሰው ለሰው የሚናገርበትን ቃል መደንገግ ግን የአዋጅ ሥራ አይደለም፤ ይህ ለነዋሪው ኅሊና የተተወ ነው። ስለዚህ ተግሣጽን ለወላጅና ለመምህር ትተን፣ ስድብን ከደጃችን አርቀን፣ በጎረቤታሞች መካከል ወቀሳን ከነምላሹ ልናጸና፣ ልጆቻችንንም መውቀስን ብቻ ሳይሆን መወቀስን ልናስተምር ይገባናል።