ክህደትና ዋጋው በመንዝ ደጋ

በመንዝና በግሼ ደጋ አመዳይ ገብሱን በአንድ ሌሊት ሲመታው ወይም የበልጉ ዝናብ ሲቀር፣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ብንበድል ነው?» ብሎ ነው። ምህላ ይያዛል፤ ካህናቱና ሕዝቡ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦታ ያደርሳሉ። ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም 28 ቃል ኪዳን ላፈረሰ ሕዝብ ዝናብ እንደሚከለከልና አዝመራው እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል።

ለዚህ ንባብ ልጓም የሚያበጅለት ወንጌሉ ነው። በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ክርስቶስ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ይናገራል፤ ንስሐ እንዲገቡ የሚጠራው ቆመው የሚሰሙትን ነው። ምህላ በዚህ መንፈስ ሲደረስ ሁሉም አብሮ ይንበረከካል፤ ጣት የሚቀሰርበት ሰው የለም። ውርጩን በእነ እገሌ ኃጢአት የሚያሳብብ ስብከት ግን ማሳው የጠፋበትን ድሃ ዳግመኛ ይቀጣዋል። ለምሳሌ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን በሬውን የፈጀው በምፅዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ ነበር፤ ገበሬው በሬ አጥቶ ሳያርስ ቀረ፣ ተራበም።

የክህደትን ቅጣት ከሰማይ ሳይጠብቅ በገዛ እጁ የፈጸመ ንጉሥም ነበር። ከመንዝ እምብዛም በማይርቀው ደብረ ብርሃን የከተመው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹም ሰይጣንንና ደስክ የሚባለውን መንፈስ መካዱን የሚመሰክር ቃል እንዲጽፍ አዘዘ። ጣዖት አመለኩ ተብለው የተከሰሱ የገዛ ልጆቹ እንኳ ተገርፈው መሞታቸውን ዜና መዋዕሉ ይነግረናል። የንጉሡ ሊቅነት አያከራክርም። ነገር ግን ግንባር ላይ በትእዛዝ የተጻፈ እምነት ልብ ውስጥ ያለውን ክህደት አይነካውም፤ የሚያበዛው ከሳሽን ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የክህደት ዋነኛው ዋጋ መለየት ነው፤ ካጅ ከሥጋ ወደሙ ይርቃል፣ ከምእመናን አንድነት ይወጣል፣ በዚያው ከሞተ ፍትሐት አያገኝም። ከረሃብ የከፋው ይህ ነው፤ ረሃብ ጻድቁንም ያገኘዋልና። ዕብራውያን 6 ደግሞ ለካጅ መመለሻ የሌለው ያስመስላል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን የተዘጋው ሁለተኛ ጥምቀት እንጂ ንስሐ አይደለም ሲል ተርጉሞታል።

ይህ ትርጓሜ በግራኝ ጦርነት ዘመን በሰው ሕይወት ተፈተነ። የደብረ ሊባኖስ ገዳም በ1520ዎቹ ሲቃጠል፣ በግድና በፍርሃት ሃይማኖታቸውን የለወጡ ብዙዎች ነበሩ። እንዲህ ላለው ተመላሽ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፈ ቄደር አላት፦ ካህኑ ጸሎቱን በውኃ ላይ ያደርሳል፣ ተመላሹ በውኃው ይጠመቃል፣ ቀኖናውን ፈጽሞም ይቆርባል። ልጅነትን የሰጠችው የመጀመሪያዪቱ ጥምቀት አትደገምም፤ ይህኛው የንስሐ መታጠቢያ ነው።

ስለዚህ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ዐውደ ምሕረት ላይ የምትቆሙ አባቶች ሆይ፣ በውርጭ ዓመት ዘዳግም 28ን ስታነቡልን ሉቃስ 13ንም አብራችሁ አንብቡልን፤ ርቆ ለቆየውም ስለ ቄደር ንገሩት።