በዳዩ የቤት ሰው ሲሆን
(ስለ ሁለት የቻይና ፊልሞች የቀረበ ሂስ)

የቻይና ፊልም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በአየር ላይ የሚበሩትን ባለጎራዴዎች ነው። ዛሬ የማነሣቸው ግን ጎራዴ የሌለባቸውን ሁለት ፊልሞች ነው፤ ይኸውም የቲየን ዥዋንግዥዋንግን «ሰማያዊው ካይት» (1993 እ.ኤ.አ.) እና የዣንግ ዪሙን «መኖር» (1994 እ.ኤ.አ.)። ሁለቱም በማኦ ዘመን የኖረ አንድ ተራ ቤተሰብ ያሳያሉ፤ ሁለቱም በአገራቸው ሲኒማ ቤቶች እንዳይታዩ ተከልክለዋል።

«ሰማያዊው ካይት» በ1953 ቤጂንግ ውስጥ ይጀምራል። ስታሊን በመሞቱ የሙሽሮቹ ሠርግ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ባልየው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። በ1957 መሥሪያ ቤቱ ከሠራተኞቹ መካከል «ቀኝ ዘመሞችን» አጋልጦ የተመደበበትን ቁጥር እንዲያሟላ ይታዘዛል። በስብሰባው መካከል ይህ ሰው ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ጩኸት የለም፤ ክርክር የለም፤ የጎደለው ቁጥር ሞልቷል። ወደ ጉልበት ሥራ ተልኮ ዛፍ ወድቆበት ይሞታል። በዚያ ዘመቻ 550,000 ያህል ሰዎች እንዲህ ተፈርጀዋል፤ ለአዘጋጁ ግን ከሽንት ቤት የተመለሰ አንድ ሰው በቃው።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። የሥራ ባልደረቦቹን ነገር ለአለቆች ያቀበለው ሊ የሚባለው ወዳጁ ነው። ሊ ጸጸት ይዞት ለመበለቲቱ እህል ያቀብላል፣ ልጁን ያጫውታል፣ በመጨረሻም ያገባታል። አዘጋጁ ሰይጣን አላደረገውም፤ ነጻም አላወጣውም። ልጁ የሚወደው «አጎት» የአባቱ አጋላጭ ነው።

በ«መኖር»ም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ1958 አገሩ ሁሉ ብረት ሲያቀልጥ ፉጉዊ እንቅልፍ ያሸነፈውን ልጁን «ኋላ ቀር» እንዳይባል ፈርቶ አዝሎ ወደ ትምህርት ቤት ይወስደዋል። ልጁ አጥር ሥር እንደ ተኛ የአውራጃው ሹም መኪና አጥሩን ይንድበታል። ሹሙ የፉጉዊ የጦር ሜዳ ጓደኛ ነው። ትእዛዙ ከላይ ይመጣል፤ ልጁን ያዘለው ግን የአባት ጀርባ ነው።

ጉድለት የለባቸውም አልልም። በመጀመሪያው ፊልም ለእያንዳንዱ ዘመቻ አንድ ባል ይሞታል፤ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ የታሪክ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ይመስላል። በሁለተኛው ደግሞ መጨረሻው ላይ ከጫጩቶቹ ጋር የሚታየው ተስፋ ከደረሰው ጥፋት አንጻር ቀለል ይላል። ብመርጥ የቲየንን እመርጣለሁ፤ ካይቱ ዛፍ ላይ እንደ ተቀደደ ይቀራልና።

«በዳዩ መንግሥት ነው» ማለት እውነት ነው፤ ግን ይቀልላል። እነዚህ ፊልሞች የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ ያ ሰው ከሽንት ቤት ሲመለስ ዓይኑን ከጣሉበት ሰዎች መካከል እኔ የት ተቀምጬ ነበር? እኔ እንኳ ስብሰባ ብዙ ተቀምጫለሁና መልሱን ቶሎ አላገኘሁትም። የተለየ አስተያየት ያለው አንባቢ ብዕሩን ያንሣ።