እንዝርቷ የገባችበት፣ ሸማኔው የቀረበት ሥዕል

ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የዕደ ጥበብ ቁሳቁስን በአንድ ወገን፣ ቅዱሳት ሥዕላትን በሌላ ወገን ያሳያል። ልጆቹን ይዞ የሚጎበኝ ቤተሰብም ሁለቱን እንደ ሁለት ዓለም አይቶ ይወጣል። ሥዕሎቹ ራሳቸው ግን ይህን ድንበር አያውቁትም።

የብሥራትን ሥዕል እንውሰድ። በያዕቆብ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ የአዋልድ መጽሐፍ ማርያም ለቤተ መቅደሱ መጋረጃ ቀይና ሐምራዊ ፈትል ትፈትል እንደነበር ይተርካል፤ የእኛ ትውፊት ደግሞ ወርቅና ሐር አስማምታ ስትፈትል መልአኩ አበሠራት ይላል። በዚህም የተነሣ በበርካታ የብራናና የግድግዳ ሥዕሎች ድንግል ክርና እንዝርት ይዛ ትታያለች። የልጆች ዓይን በገብርኤል ክንፍ ላይ ሲያርፍ፣ ስትፈትል የኖረች አያት ግን ቀጥታ ወደ ድንግል እጅ ታያለች። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ወጥቶ፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ እስኪሆን ያለውን ድካም ታውቀዋለች። እንዝርቷ ጭን ላይ ተሽከርክራ ስትለቀቅ ክሩን የሚመጥኑት ጣቶች የትኞቹ እንደሆኑም አይጠፋትም። ሠዓሊው ሙያውን አይቶ ይሣል ወይም ከቀደመ ሥዕል ይቅዳ፣ ከመግለጫ ጽሑፉ ይልቅ የእሷ ፍርድ ይታመናል።

በቅዱሳት ሥዕላት የመታየት ክብር ግን ለሁሉም ሙያ እኩል አልተሰጠም። ፈትል የእመቤትም የገረድም ሥራ ነበር፤ ወይዛዝርትም ይፈትሉ ነበር። ሸማኔው ግን ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እንዝርት በቅዱሳት ሥዕላት ያገኘችውን የተዘወተረ ቦታ የሸማኔው መወርወሪያ አላገኘም።

በማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየም ያለው የስፔናዊው ሠዓሊ የዲዬጎ ቬላስኬዝ «ፈታዮቹ» ለንጽጽር ይመቻል። በ1650ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ገደማ የተሣለው ይህ ሥራ ለረጅም ጊዜ የምንጣፍ ፋብሪካ ውሎ ተደርጎ ሲታይ ቆይቶ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተመራማሪዎች ከበስተጀርባው ያለው ትዕይንት በሽመና ከሴት አምላክ ጋር የተፎካከረችው የአራክኔ የግሪክ ተረት መሆኑን አሳዩ። ቬላስኬዝ ተረቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ሠራተኞቹን ከፊት አስቀምጧል። የመፍተያው መንኮራኩር ዘንጎች አይለዩም፤ በሽክርክሪቱ ፍጥነት ጠፍተዋል። ይህን የሚሥል ሰው መንኮራኩር ሲዞር ቆሞ ያየ ነው።

የጎንደር ሠዓሊዎችም ዓይናቸው ጨርቅ ላይ ነበር፤ ያዩት ግን ሌላ ጨርቅ ነው። በሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ እመቤታችንም ቅዱሳኑም የሚለብሱት አበባ የፈሰሰበት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የሚመስል የቤተ መንግሥት ግምጃ ነው። የአገሬው ሸማኔ ሥራ በዚህም ታልፏል።

ከሙዚየሙ ወጥቶ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ታክሲ የያዘ ቤተሰብ ብዙም ሳይሄድ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። እዚያ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ድርና ማግ ሲያገናኙ ይውላሉ፤ ጥለቱም በየሱቁ ተሰቅሏል። የሥዕሉ ክፍል መግለጫዎች የቅዱሱን ስምና ክፍለ ዘመኑን ከመጥቀስ አልፈው መሣሪያውን፣ ጨርቁንና ሠሪውን ቢጨምሩ፣ ጎብኚው ሁለቱን ስፍራዎች በአንድ ቀን አያይዞ ማየት በቻለ።